ለብዙ ፐብሊክ አይፒ ራውተር ስመርጥ፦ ከሐዋሳ እስካሁን የደረስኩበት

ሐዋሳ ላለ አንድ አነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ እየዘረጋሁ ነው። ቢሮው ከኢንተርኔት አቅራቢው ስላሽ 29 (/29) የፐብሊክ አይፒ ብሎክ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸው ተከታታይ አድራሻዎች ተመድቦለታል። ስላሽ 29 ሲባል 8 አድራሻ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለመሣሪያ አይሰጡም፣ አንዱን የአቅራቢው ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣን መሣሪያ) ይይዘዋል። ለእኛ 5 ይተርፋል፦ ለሠራተኞች ኢንተርኔት፣ ለሜይል ሰርቨር፣ ለቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ)፣ የቀሩት ለመጠባበቂያ።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ የአንቴናው ብዛት ነው። እዚህ ሥራ ላይ አንቴና ፋይዳ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢውን ጠይቁ፦ ብሎኩ የሚደርሰን እንዴት ነው? አድራሻዎቹ በቀጥታ ገመዱ ላይ ከሆኑ፣ ጌትዌዩ "ይሄ አይፒ የማን ነው?" እያለ በኤአርፒ (በአንድ ገመድ ላይ ያሉ መሣሪያዎች የአይፒ ባለቤትን የሚፈላለጉበት ዘዴ) ይጠይቃል። ራውተራችሁ ለአምስቱም መልስ መስጠት አለበት። ብሎኩ በሌላ ማገናኛ አድራሻ በኩል ሩት ተደርጎ (ወደ ራውተራችሁ ተመርቶ) የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። አድራሻዎቹን ከራውተሩ ጀርባ ላሉት ሰርቨሮች በቀጥታ መስጠትም ይቻላል።

ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በዋን (ወደ ኢንተርኔት በሚወጣው ፖርት) በኩል የሚቀበሉት አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ማይክሮቲክ ሄክስን መረጥኩ። 5 ጊጋቢት ፖርት አለው፣ ዋይፋይ የለውም፤ በአንድ ፖርት ላይ የፈለጋችሁትን ያህል አድራሻ ይጭናል።

ዋናው ነገር ግን የሚወጣው ትራፊክ ነው። የሚገባውን ወደ ሰርቨሩ መምራት ሁሉም ያስታውሰዋል። ሜይሉ ሲወጣ በየትኛው አይፒ ይወጣል? ማስከሬድ (የውስጡን ትራፊክ ሁሉ በራውተሩ አንድ የውጭ አድራሻ የሚያወጣ ሕግ) ብቻ ካለ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ አድራሻ ይወጣል። የአንዱ ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞት ስፓም ቢረጭ አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ የቢሮው ሜይልም አብሮ ይታገዳል። መፍትሔው ለሜይል ሰርቨሩ የራሱን ሶርስ ናት (በየትኛው አይፒ እንደሚወጣ የሚወስን ሕግ) መጻፍ ነው። ሕጉ ከማስከሬዱ በላይ ይቀመጥ፤ ራውተሩ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመውን ይሠራበታል። ከሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ "የእኔ አይፒ ስንት ነው" የሚል ገጽ ብትከፍቱ ወዲያው ይታያችኋል።

የሜይሉ ሪቨርስ ዲኤንኤስ (ከአይፒው ተነስቶ ስሙን የሚናገር መዝገብ) ራውተር ላይ አይሠራም፤ ከአቅራቢው ይጠየቃል።

አሁን የያዝኩት፣ ሠራተኞች ቢሮ ውስጥ ሆነው ሰርቨሩን በውጭ ስሙ እንዲያገኙት ማድረግ ነው። ሄርፒን ናት (ከውስጥ የመጣውን ጥያቄ ራውተሩ መልሶ ወደ ውስጥ የሚያዞርበት ሕግ) ያስኬዳል፤ ግን ሰርቨሩ ሎግ ላይ ሁሉም ሰው ራውተሩን መስሎ ይመዘገባል። ማን እንደገባ ማየት ስለምፈልግ በውስጥ ዲኤንኤስ (ቢሮ ውስጥ ላሉት ስሙን በሰርቨሩ የውስጥ አይፒ የሚመልስ) እየሞከርኩት ነው።