ቆሽቷን የምትጠግን ዓሣ

ሐዋሳ ውስጥ የስኳር ሕመምና ዓሣ በአንድ ላይ ሲነሡ፣ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አመጋገብ ነው፤ «ቆሮሶ ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማል?» የሚለውን ጥያቄ እናቴ ከታመመች ወዲህ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለሚበላ ዓሣ ሳይሆን፣ በቤተ ሙከራ ገንዳ ውስጥ ስለምትረባውና ርዝመቷ ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙም ስለማይበልጠው ስለ ዚብራፊሽ ነው።

ዓሣ ለስኳር ሕመም ምርምር እንግዳ አይደለም። በአንዳንድ የዓሣ ዝርያዎች የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ሆርሞን ኢንሱሊንን የሚያመነጩት ሕዋሳት ከቀረው የቆሽት ክፍል ተለይተው ለብቻቸው ስለሚገኙ፣ ተመራማሪው ጆን ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊንን ከእነዚሁ ሕዋሳት ለይቶ በማውጣት የሆርሞኑን ምንጭ አረጋግጧል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች የቆሮሶን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት የስኳር ሕመም ባለባቸው አይጦች ውስጥ ተክለው የደማቸውን ስኳር ማስተካከል ችለዋል። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል በየቀኑ የሚሸጠው ዓሣ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለው ሳስብ እደነቃለሁ።

የዚብራፊሽ ጽንስ ከእናቱ አካል ውጭ፣ ውኃ ውስጥ የሚያድግና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ እንቁላሉ ከተዳቀለ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ብቅ የሚሉትን ቤታ ሕዋሳት፣ ማለትም ኢንሱሊን አመንጪዎቹን፣ ያለ ምንም ቀዶ ጥገና በማይክሮስኮፕ መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የዘረ መል ካርታዋ እንዳሳየው፣ ከሰው ዘረ መሎች 70 በመቶ ያህሉ በእርሷም ውስጥ አቻ አላቸው። ከመጠን በላይ ስትመገብም ትወፍራለች፤ ጉበቷም ስብ ያጠራቅማል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ከእኛ የምትለይበት ነገር ነው። ተመራማሪዎች ከባክቴሪያ የተወሰደ አንድ ኢንዛይም በቤታ ሕዋሳቷ ውስጥ ብቻ እንዲመረት ያደርጉና፣ እኛ ለአሜባና ለጃርዲያ የምንወስደውን ሜትሮኒዳዞል በውኃዋ ላይ ይጨምራሉ፤ ኢንዛይሙም መድኃኒቱን ወደ መርዝ ይለውጠውና ቤታ ሕዋሳቱ ብቻ ይሞታሉ። የደም ስኳሯ ያሻቅባል። መድኃኒቱ ሲወገድ ግን ሕዋሳቱ እንደገና ይተካሉ፤ በጫጩቷ በጥቂት ቀናት፣ በአዋቂዋም በሳምንታት ውስጥ። የሰው ቆሽት ይህን ያህል ራሱን መጠገን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን በዚብራፊሽ ጫጩቶች ላይ ፈትሸው፣ አዴኖሲን በተባለው የሰውነት ኬሚካል የመልእክት መስመር ላይ የሚሠሩ ውህዶች የቤታ ሕዋሳትን ዳግም መተካት እንደሚያፋጥኑ አገኙ፤ ከእነዚህ አንዱ በአይጦችም ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል።

ሆኖም ይህ ዜና ለማንም ኢንሱሊኑን ለማቆም ምክንያት ሊሆነው አይገባም። በዓሣዋ ውስጥ ሕዋሳቱን የሚገድለው መድኃኒት በፈለጉ ጊዜ ይወገዳል፤ በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ገዳዩ የሕመምተኛው የራሱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ስለሆነና ጥቃቱም ስለማይቆም፣ አዲስ የሚበቅሉት ሕዋሳት ያው ዕጣ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ሕዋሳትን የሚያበቅል መድኃኒት ቢገኝ እንኳ፣ ለእነዚህ ሕመምተኞች ያንን ጥቃት ከሚገታ ሌላ ሕክምና ጋር ተጣምሮ መሰጠት ይኖርበታል።