የመጨረሻዋ ወፍ

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ኤርፖርት ለሚመላለስ ሹፌር ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ሙቀትና መጠበቅ። ባለፈው ሐሙስ ሁለቱም ተደርበው መጡብኝ። የደንበኛዬ በረራ ሁለት ሰዓት ዘገየ። ኤሲ ከፍቼ ቤንዚን ከምጨርስ ብዬ፣ ለዓመታት በደጁ ሳልፍ የኖርኩት ሙዚየም ገባሁ። ድሮ ፑዌብሎ ግራንዴ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆኑት በኦኦዳሞች ቋንቋ ሰዳቭ ቫአኪ አሉት። ከአውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫ ሥር ነው።

በጥንት ጊዜ እዚህ ይኖሩ የነበሩትን የሆሆካሞችን የመስኖ ቦይ ሰምቼ አውቃለሁ። ይህን በረሃ በድንጋይና በእንጨት መሣሪያ ቆፍረው፣ ከሶልትና ከሂላ ወንዞች ውሃ ስበው በቆሎ ያበቅሉ ነበር። ሸክላቸውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። እኔ ሸክላ ሲባል የሚመጣልኝ ጥቁር ጀበና ነው። ይኼኛው ቡላ መልክ ያለው መደብ ላይ በቀይ ቀለም የተሣለ ነው። ቀዩ ብረት ካለበት ድንጋይ ተፈጭቶ የሚወጣ ነው።

አንድ ጎኑ የተሰበረ ገንቦ ጋ ቆምኩ። ዕድሜው ከ1000 ዓመት በላይ። ስብራቱ በጀኝ፣ ውስጡ ይታያል። ግድግዳው ጉድጉድ፣ ጉድጉድ ያለ ነው። ለካ ጭቃውን ካድቦለቦሉ በኋላ አንድ እጃቸውን ከውስጥ ያስገቡና ለስላሳ ድንጋይ ይደግፉበታል፤ ከውጭ በእንጨት ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል። እያንዳንዷ ጉድጓድ የአንድ ምት ምልክት ናት። ፊቱ ላይ ደግሞ ብልጭ ብልጭ የሚል አለ። ሚካ የሚባል የሚያብለጨልጭ ማዕድን ያለበት ድንጋይ ፈጭተው ከጭቃው ጋር ስለሚያቦኩት ነው፤ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ።

ከውጭ ወፎች ተሰልፈዋል። ሁሉም በችኮላ፣ በሁለት ሦስት ጭረት የተሣሉ። ዙሪያውን ሄደው ሄደው መጀመሪያዋ ወፍ ጋ ሲደርሱ ቦታ አለቀ! የመጨረሻዋ ቀጥና፣ አንገቷን ሰብራ በግድ ገብታለች። ልጄ ስሟን ስትጽፍ የመጨረሻዋ ፊደል ወረቀቱ ጠርዝ ላይ እንደምትጣበቀው። ሠዓሊው አላጠፋውም፣ አልደገመውም። እሳት ውስጥ ከተተው። ደስ አለኝ።

ስለዚህ ሸክላ ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ስኔክታውን ከሚባል መንደር ነው። ኤሚል ሃውሪ የተባለ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1964 ቁፋሮ ጀምሮ፣ ሁለቴም እስከ ቀጣዩ ዓመት ቆይቶበታል። ዛሬ ተመልሶ አፈር ለብሷል። ቦታው ሂላ ሪቨር የሚባለው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ መሬት ውስጥ ስለሆነ ለጎብኚ ዝግ ነው። እኔ ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ፤ የአያት ቀዬ ሁሉ ፎቶ መነሻ አይሆንም።

ስለ ሆሆካሞች ሲወራ «ጠፉ» ማለት ይወደዳል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ ትልልቆቹ መንደሮች ባዶ ቀርተዋል። ይህ ቀይ ሥዕልም ከዚያ በፊት እየቀረ፣ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ያለው ሸክላ ተተክቶ ነበር። ኦኦዳሞች ግን ሁሁጋም ይሏቸዋል፤ ቅድመ አያቶቻችን ለማለት። ከፊኒክስ ወደ ደቡብ ወጣ ስትሉ ልጆቻቸው አሉ። ምኑ ነው የጠፋው?

ደንበኛዬ ሲደውል ወፎቹን ለሦስተኛ ጊዜ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። ያቺን የተጨቆነችውን ካልቆጠርናት አሥር።