ከዮን ምንጭ እስከ ክላምሲ፦ የሞርቫን ደን በብስክሌት

በሰኔ ወር አጋማሽ ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ከምኖርበት ከፓሪስ ተነሣሁና በፈረንሳይ ቡርጎኝ ክልል ደቡብ ኤታን-ሱር-አሩ ከምትባል አነስተኛ ከተማ ጣቢያ ወረድሁ። ዕቅዴ የሞርቫንን ደናማ ኮረብቶች ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጬ በሦስት ቀን ክላምሲ ወደምትባለው የዮን ወንዝ ዳር ከተማ መድረስ ነበር። መንገዱ በእኔ አቆጣጠር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው አስፋልት ያልነካው የደን መንገድ ነው። አቅጣጫውን በዘፈቀደ አልመረጥሁትም። የፓሪስ ምድጃዎች ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የነደዱት በአብዛኛው ከዚህ ደን በተቆረጠ እንጨት ነበርና፣ እንጨቱ የሄደበትን መንገድ ከምንጩ ጀምሬ መከተል ፈለግሁ።

ሞርቫን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የክልል የተፈጥሮ ፓርክ ነው። በዙሪያው ያለው የቡርጎኝ ምድር በኖራ ድንጋይና በወይን እርሻ ሲታወቅ፣ መካከል ላይ ያለው ሞርቫን ግን ግራናይት ነው፤ አፈሩ ስስና ኮምጣጣ ስለሆነ ለእርሻ እምብዛም አልተመቸም፣ ለዛፍ ግን ተመችቷል። ለብስክሌተኛም ይህ ግራናይት ትልቅ ትርጉም አለው። ድንጋዩ ሲፈራርስ ሻካራ አሸዋ ይሆናል፤ ዝናቡንም ቶሎ ስለሚያሰርግ ኮረኮንቹ በማግስቱ ይደርቃል። ጎማዎቼ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠሩ ነበሩ፤ ንፋሳቸውንም ወደ ሁለት ባር ተኩል ዝቅ አድርጌው ነበር። ከዚያ በላይ የተነፋ ጎማ በዚያ ጠጠር ላይ እየዘለለ እጅን ያደነዝዛል።

የመጀመሪያው ዳገት ቡቭሬ ተራራ ነው። ከጣቢያው ከተነሣሁ በኋላ ነጫጭ የሻሮሌ ላሞች በሚግጡባቸውና በቁጥቋጦ አጥር በተከፋፈሉ መስኮች መካከል ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀስ በቀስ ወጣሁ። ከዚያ መስኩ አለቀና ደኑ ተዘጋ። የተራራው ጫፍ 821 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ በላዩ ከጥንታውያኑ ጎሎች አንዱ የሆነው የኤዱዊ ጎሳ ዋና ከተማ የነበረችው ቢብራክት ፍርስራሿ በዛፍ ሥር ተዘርግቷል። ሮማውያንን የተዋጋው ቬርሲንጄቶሪክስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት የጎል ጎሳዎች ጦር መሪነቱ የጸደቀለት እዚሁ ነው። ሮማውያን ኦታን የተባለችውን ከተማ በሜዳው ከቆረቆሩ በኋላ ሕዝቡ ወደዚያ ስለ ወረደ፣ ተራራውን ደን መልሶ ወረሰው።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ቆሜ ያየሁት ከሁሉ በላይ ግንቡን ነው። ከጥንቱ መግቢያዎች በአንዱ አጠገብ እንደገና የታነጸው የጎሎች ግንብ ከድንጋይ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የኦክ ግንዶች በርዝመትና በወርድ እየተሻገሩ ተጋድመው በብረት ሚስማር ከተያያዙ በኋላ በመካከላቸው ድንጋይና አፈር ይሞላል። አንድ ከተማ በዚህ ዓይነት ግንብ ለመክበብ ስንት ሺህ ዛፍ እንደሚፈጅ ማሰብ በቂ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ደኑን መቁረጥ የጀመረው ትናንት አይደለም። ከግንቡ ከፍ ብሎ ደግሞ ጥንት እየታጠፉና እየተጠላለፉ አጥር እንዲሆኑ የተደረጉ፣ በኋላ ግን የሚያርማቸው ሰው ጠፍቶ እንደ ተጠማዘዙ የገዘፉ የቢች ዛፎች አሉ። ግንዳቸው መሬት ለመሬት ከሄደ በኋላ ድንገት ወደ ሰማይ ይቀናል። የገበሬው እጅ ያጠፈበት ቦታ እስከ ዛሬ እንደ ክርን ጎልቶ ይታያል።

ያን ሌሊት ግሉ-አን-ግሌን በምትባል መንደር አደርሁና በማግስቱ ማለዳ የዮንን ወንዝ ምንጭ ፍለጋ ወደ ፕሬኔሌ ተራራ ሥር ሄድሁ። ምንጩ በቢች ዛፎች መካከል ካለ ረግረጋማ ቦታ የሚንጠባጠብ ነው፤ በአንድ እርምጃ ይሻገሩታል። ይህ ጭላጭ ግን ሞንትሮ በምትባል ከተማ ከሴን ወንዝ ጋር ሲገናኝ ከሴን የበለጠ ውሃ ይዞ ይደርሳል፤ በውሃው ብዛት ቢፈረድ ኖሮ ፓሪስን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ዮን ይባል ነበር።

የእንጨቱ ሥራ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ጅረቶች ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የደኑ ሠራተኞች በክረምት የቆረጡትን እንጨት 1.14 ሜትር ርዝመት ያለው ፍልጥ ያደርጉትና በጅረቶቹ ዳር ይከምሩታል። እያንዳንዱ ነጋዴ በፍልጡ ጫፍ ላይ የራሱን ምልክት በመዶሻ ያትምበታል። በላይ በኩል ትናንሽ ኩሬዎች ተገድበው ይቆዩና ቀኑ ሲደርስ በአንድነት ይለቀቃሉ፤ ጎርፉም የሁሉንም ነጋዴ ፍልጥ ደባልቆ ይወስደዋል። የዮን እንጨት ክላምሲ ላይ ተይዞ በምልክቱ ይለያል፤ ከዚያ ወደ 70 ሜትር ርዝመት ባለው ታንኳ መሰል ጭነት ተጠፍሮ፣ ከላዩ አንድ ሰውና አንድ ልጅ ተቀምጠውበት ወደ ፓሪስ ይወርዳል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ በንባብ አውቀው ነበር። ከምንጩ አጠገብ ተንበርክኬ ውሃው ጣቴን እንኳ ሳይሸፍን ሳይ ግን ሰዎቹ ምን ያህል ትዕግሥትና ስሌት እንደ ነበራቸው ገባኝ።

ከዚያ ወደ ኦ-ፎላን ወጣሁ። የሞርቫን ከፍተኛው ነጥብ ሲሆን 901 ሜትር ነው። በዚህ የሴን-ፕሪ የመንግሥት ደን ውስጥ ያሉት መንገዶች ለብስክሌት የተሠሩ ይመስላሉ፤ ሰፊ ናቸው፣ ዳገታቸው ለዘብ ያለ ነው፣ መግቢያቸው ላይ ያለው መዝጊያ መኪናን እንጂ ብስክሌትን አያግድም። የተሠሩት ግን ግንድ ለሚጭኑ ከባድ መኪናዎች ነው። ደኑም እዚህ ጠባዩን ይለውጣል። ኦክና ቢች ወደ ኋላ ይቀሩና ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ዳግላስ የተባለው የጥድ ዓይነት በረድፍ ተሰልፎ ይቆማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ብሔራዊ የደን ፈንድ እንዲህ ያለውን ተከላ በገንዘብ ስለ ደገፈ፣ ለማገዶ አገልግሎ ገበያ ያጣው የቅጠላማ ዛፎች ደን በሰፊው ለዳግላስ ቦታውን ለቀቀ። ባሕር ዛፍ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፈጥኖ የሚያድግና ገንዘብ የሚያመጣ ዛፍ ከሥሩ ምን እንደሚያበቅል አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። በረድፎቹ መካከል ብርሃን የለም። ወፍም አልሰማሁም።

ወደ አኖስት ስወርድ ካርታው የሚያሳየው መንገድ ድንገት ጠፋ። አንድ ሙሉ ተረተር ከላይ እስከ ታች ተመንጥሮ፣ መንገዱ በቅርንጫፍና በቅርፊት ክምር ተቀብሯል፤ የከባድ ማሽኖች ጎማ የቆፈረው ቦይ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ውሃም ቋጥሯል። ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጉቶ ለጉቶ ተራመድሁ። በጉቶዎቹ መካከል ደወል የመሰሉ ሐምራዊ አበቦች ረጃጅም ሆነው በቅለው ነበር፤ ብርሃን ያገኘ አፈር የሚያወጣቸው ናቸው። ከታች መኪናቸውን ያቆሙ፣ ጡረታ የወጡ የደን ሠራተኛ ሽማግሌ አገኙኝና ከጭቃው ለመውጣት ብስክሌቱን ተቀበሉኝ። እኔ በቁጣ ስናገር እርሳቸው ረጋ ብለው፣ ዳግላሱን ራሳቸው በወጣትነታቸው እንደ ተከሉት፣ ሲቆረጥ ግን ለማየት እንዳልፈለጉ ነገሩኝ። ከተከመሩት ግንዶች የአንዱን ጫፍ በእጃቸው አበሱት፤ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጣዬ ባይበርድም ያን ቀይ ቁጥር ከሌላው ሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ። በዚህ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነዋሪዎችና ወዳጆቻቸው አክሲዮን እያዋጡ ቅጠላማ ደን በመግዛት ከምንጠራ እንዲተርፍ እያደረጉ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነውና ሊታገዝ ይገባል።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልናገር። የመንደሮቹ ሱቆች ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ ብዙዎቹ መንደሮችም ጭራሽ ሱቅ የላቸውም። በፈረንሳይ ገጠር ውሃ የጨረሰ ብስክሌተኛ የመቃብር ቦታ ይፈልጋል፤ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አይጠፋምና። «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን መተው ነው። በፕላንሼ በኩል አልፌ ማታ ሌ ሴቶን ሐይቅ ደረስሁ። ዛሬ ሰው የሚዋኝበትና በጀልባ የሚዝናናበት ይህ 360 ሄክታር ገደማ የሚሆን ውሃ ሰው ሠራሽ ነው፤ የግራናይቱ ግድብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራው በኪዩር ወንዝ ላይ እንጨት ለማንሳፈፊያ የሚሆን ውሃ ለማጠራቀም ነበር። የባቡር ሐዲድና የድንጋይ ከሰል ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን አስረሱት።

በሦስተኛው ቀን ከጉሉ ፏፏቴ ወዲያ የኪዩርን ሸለቆ ተከትሎ የሚወርደው መንገድ ከጉዞዬ ሁሉ የሚያምረው ነው፤ የኦክ ጥላ፣ የውሃ ድምፅ፣ ከጎማ ሥር ደቃቅ ጠጠር። ከዚያ ወደ ደን-ሌ-ፕላስ ወጣሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 የጀርመን ወታደሮች በደኑ የተሸሸጉትን አርበኞች ደግፋችኋል ብለው እዚች መንደር ውስጥ 27 ወንዶችን ገድለዋል፤ ብዙዎቹ የተረሸኑት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ከብስክሌት ወርጄ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብሁ። ለአርበኞቹ መጠጊያ የሆነው ያው የእንጨት ደን ነበር።

ከባዞሽ በኋላ ግራናይቱ ያበቃል፤ የኖራ ድንጋይ ይጀምራል፤ መንገዱም ነጭ ይሆናል። በኮረብታው ላይ ያለው የቬዝሌ ባዚሊካ ከሩቅ ይታያል፤ ቅዱስ በርናርዶስ እ.ኤ.አ. በ1146 ለሁለተኛው የመስቀል ጦርነት የሰበከባት ከተማ ናት። ብዙ ሰው ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። እኔ ውሃ ቀድቼ አለፍሁ።

ክላምሲ የደረስሁት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዮን ላይ ያለው ድልድይ የቤተልሔም ድልድይ ይባላል፤ የቤተልሔም ጳጳሳት ቅድስት አገርን ከለቀቁ በኋላ እስከ ፈረንሳይ አብዮት ድረስ መቀመጫቸውን እዚሁ አድርገው ነበርና። በድልድዩ ላይ ግንድ የሚያንሳፍፈው ሠራተኛ ሐውልት ቆሟል። እነዚህ ሰዎች እንጨቱን ፓሪስ ካስረከቡ በኋላ ወደ ክላምሲ የሚመለሱት በእግራቸው ነበር። ለባቡሬ አርባ ደቂቃ ስለ ቀረው በድልድዩ ሥር ወረድሁና ከሰንሰለቱና ከማርሹ ላይ የደረቀውን የአኖስት ጭቃ በዮን ውሃ አጠብሁ። ጭቃው ተፈታ፤ ጥቂት ካደፈረሰ በኋላ በፓሪስ አቅጣጫ ሄደ።