ከፈረንሳይ ድረስ ራምቦን ፍለጋ

ዛሬ ከፈረንሳይ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ ሳዞር ዋልኩ። የታሪክ ጉዞ ላይ ናቸው። ገጣሚው አርተር ራምቦን ክፍል ውስጥ ተምረውታል። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ መነገዱን፣ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ መሸጡን ግን ብዙዎቹ አልሰሙም።

ዛሬ ሙዚየም የሆነው ራምቦ ቤት ስንደርስ ስልክ በስልክ ሆኑ። እኔም ቆይ ብዬ፣ ቤቱን ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ እንደሆነ፣ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ መሆኑን ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ ኮስተር ብላ «ታዲያ ምን ልናይ መጣን?» አለችኝ። የምር ወደድኳት! እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ነው እንጂ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሄድማ ሞልቷል።

ከዚያ ወደ ግንቡ ወሰድኳቸው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ነው። ራምቦ ሲመጣ ከተማዋን ግብፆች ይዘዋት እንደነበር ስነግራቸው መምህራቸው ሳይቀር ማስታወሻ ያዘ። የኛ ልጆችስ? እዚሁ ተወልደው ሙዚየሙን በውጭ ብቻ የሚያውቁት ስንት ናቸው! ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ አውሮፕላን አያስፈልጋቸውም፣ ባጃጅ ይበቃል።

ነገ ድሬ ይወርዳሉ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሊያዩ። እዚያ በፈረንሳይኛ የሚያወጋቸው ሽማግሌ አያጡም።