ቬዘር ወንዝ ላይ የተጯጯሁት ወንድማማቾች

ኔትፍሊክስ ላይ «ባርባረን» የሚባል የጀርመን ተከታታይ ድራማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው። የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ የጀርመን ነገዶች ለሮም አንገዛም ያሉበትን ታሪክ ይተርካል። እዚህ ጀርመን ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እዩት።

መጀመሪያ የያዘኝ ቋንቋው ነው። ጀርመኖቹ የዛሬውን ጀርመንኛ ያወራሉ። ሮማውያኑ ግን በላቲን ነው የሚያዙት። የመንደሩ ሰው የገዢውን ቋንቋ አይሰማም። እዚህ በመጣሁ ሰሞን አንድ ቢሮ ውስጥ ሠራተኛዋ ወረቀቴን እያገላበጠች ስታወራ፣ እኔ ከንፈሯን ብቻ ነበር የማየው። ጀርመኖችን በዚያ ቦታ ቆመው ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

ዋናው ሰው አርሚኒየስ ነው። የኬሩስኪ ነገድ መኳንንት ልጅ ሲሆን፣ በሮም ጦር አገልግሎ ዜግነትም የፈረሰኛ ማዕረግም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ9 ግን ያመነውን የሮም አገረ ገዢ ቫሩስን ደፈጣ ውስጥ ከተተው። 17ኛው፣ 18ኛውና 19ኛው ሌጌዎን የሚባሉት የሮም ጦር ክፍሎች አለቁ። ሮም እነዚያን ቁጥሮች ዳግም ለጦሯ አልሰጠችም። ድራማው ቫሩስን የአርሚኒየስ አሳዳጊ አባት ያደርገዋል። እሱ ፈጠራ ነው፤ ግን አልጠላሁትም። ያሳደገህንና የወለደህን መሃል መቆም ምን እንደሆነ ያሳያል።

ድራማውን ስጨርስ ማንበብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ፍላቩስን ያገኘሁት፤ የአርሚኒየስን ወንድም።

ፍላቩስ ከሮም ጋር ቀረ። ሮማዊው ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ16 ሁለቱ ወንድማማቾች በቬዘር ወንዝ ወዲህና ወዲያ ቆመው ተነጋገሩ። ፍላቩስ ለሮም ሲዋጋ አንድ ዓይኑን አጥቷል። አርሚኒየስ «ዓይንህን ምን ነካው?» ይለዋል። ይነግረዋል። «ታዲያ ምን ሰጡህ?» ይለዋል። ደመወዙ መጨመሩን፣ የአንገት ሐብልና አክሊል መሸለሙን ይቆጥርለታል። አርሚኒየስ በዋጋው ይስቅበታል። ከዚያ ስለ አገራቸውና ስለ እናታቸው ያነሳበታል። ፍላቩስ ፈረስና መሣሪያ አምጡልኝ ብሎ ጮኸ። ሰው ባይይዘው ወንዙም አያግዳቸውም ነበር።

እኔ የምኖረው ሚንደን ነው። ቬዘር ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ሥራ ስሄድ ድልድዩን እሻገራለሁ። ታላቅ ወንድሜም እዚሁ ጀርመን ነበር፤ ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ስልክ ላይ የምንጨቃጨቀው እንደነሱ ነው። እሱ «እማዬ አርጅታለች፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። እኔ ጡረታዬን፣ የልጆቼን ትምህርት እቆጥርለታለሁ። አንዳንዴ ተቆጥቼ እዘጋዋለሁ።

ለአርሚኒየስ ዴትሞልት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1875 ትልቅ ሐውልት ቆሞለታል፤ ሰይፉን ወደ ሰማይ አንስቷል። ይገባዋል። ፍላቩስን ግን ከሃዲ ለማለት አፌ አይደፍርም። ዓይኑን የገበረው እዚያ ነው። ልጁንም የወለደው እዚያ ነው። ሰው ዕድሜውን ካፈሰሰበት ቦታ በአንድ ቀን አይነቀልም። ታሲተስም ቢሆን ጥሩ ጥሩውን ንግግር ለአርሚኒየስ ሰጥቶ ይህን ሰው አደህይቶታል ብዬ አምናለሁ።

መጨረሻቸውን ላንሳ። አርሚኒየስን የገደሉት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ47 ኬሩስኪዎች በእርስ በርስ ጦርነት መኳንንቶቻቸውን ጨርሰው፣ ንጉሥ ስጡን ብለው ሮምን ለመኑ። የተላከላቸው ኢታሊከስ ነው፤ ሮም ተወልዶ ያደገው የፍላቩስ ልጅ። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። በኋላ ግን ባዕድ አገር ያደገ ነው ብለው የተነሱበት ነበሩ።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ተረኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «በል ልጆቹን በዚህ ክረምት ይዘሃቸው ና» አለኝ። ትኬት እያየሁ ነው።