የሲቪል ኢንተርንሺፕ ዝግጅት፦ ከመዝገብ ቤት እስከ ስታፋ

ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የኢንተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ቦታ ስናፈላልግ ከያዝነው ማስታወሻ ለሚቀጥለው ዙር የሚጠቅመውን እናካፍላችሁ።

ከዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ የሚወጣው የትብብር ደብዳቤ ወጪ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ከሌለው መዝገብ ቤት አይቀበለውም። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ለማባዛት ቢመችም ብዙ ቦታ «በስማችን አጽፋችሁ ኑ» ተብሎ ይመለሳል። ሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱን አስገብታችሁ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፉ። ደብዳቤ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊው ወደ ሌላ ክፍል ከመራው በኋላ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ስትመለሱ «ምን ደረሰ?» አትበሉ፤ መልሱ «ጠብቁ» ነው። ቁጥሩን አሳይታችሁ «ለየትኛው ክፍል ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የመንግሥት ቢሮ ሰው አታገኙም። ሰኔ መጨረሻም በጀት መዝጊያ ነው፤ ሐምሌ ለመጀመር ግንቦት ላይ አስገቡ።

ሳይት በር ላይ የተተከለው ሰሌዳ የአሠሪውን፣ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም ይዟል። ከአንድ ሰሌዳ ሁለት ማመልከቻ ይወጣል ማለት ነው፤ አንዱ ለተቋራጩ፣ አንዱ ለአማካሪው። ምርጫ ካላችሁ ተቋራጩ ጋ ግቡ፤ ሥራው የሚነካው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሲቪ ለማሳመር ከሚባክነው ጊዜ ግማሹ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ማስላት ላይ ቢውል ይሻላል፤ ሳይት ኢንጂነሩ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ፌሮውን የምታሰሉበት ፕላን ነው። የፌሮው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር፣ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12ቱ በሜትር 0.889 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትሩ ሙሉ ቤርጋ (አንዱ ዘንግ) 10.67 ኪሎ ይመዝናል።

ብዙዎች የሚስቱት ስታፋ (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ላይ ነው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮለን (ምሰሶ) ዙሪያው 140 ነው፤ ነገር ግን ከየጎኑ 2.5 የኮንክሪት ሽፋን ሲቀነስ ስታፋው 25 በ35 ይሆናል፣ ዙሪያውም 120። መንጠቆው (የጫፉ መታጠፊያ) በዚህ ላይ ይደመራል። ሽፋኑን የረሳ ሰው በየስታፋው 20 ሳንቲ ሜትር አብዝቶ ያሰላል። 3 ሜትር ቁመት ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ሲታሰር 21 ስታፋ ነው (የመጀመሪያውን ረስቶ 20 ብሎ የሚቆጥርም አይጠፋም)፤ በአንድ ኮለን ብቻ 4.2 ሜትር ትርፍ ትዕዛዝ ይሆናል። የፌሮ መደራረቢያውም (ሁለት ፌሮ ሲቀጠል የሚደራረበው ርዝመት) እንዲሁ ይረሳል፤ ያኛው ግን ማሳነስ ነው፣ ሥራ መሀል ላይ ፌሮ ያልቃል።

የኮንክሪት ኩብ (ለጥንካሬ መፈተሻ የሚሞላው ናሙና) በ7 እና በ28 ቀን ይሰበራል። ማሽኑ የሚያሳየው ኪሎ ኒውተን ነው፣ ጥንካሬውን እናንተ ታወጣላችሁ፦ የ15 ሳንቲ ሜትር ኩብ ገጽ 22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ 600 ኪሎ ኒውተን 26.7 ሜጋ ፓስካል ይሰጣል።

ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ ድርጅቱ ይሰጥ እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ሎግ ቡክ (የየዕለቱ ሥራ መመዝገቢያ) ላይ «ዛሬ ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ተሞላ» ብሎ ማለፍ ነጥብ አያስገኝም። የትኛው ፎቅ፣ ከየትኛው አክሲስ (የፕላኑ መስመር) እስከየትኛው፣ ስንት ሜትር ኩብ፣ ስላምፑ (የእርጥብ ኮንክሪቱ ልልነት መለኪያ) ስንት፣ ሥራው ለምን ቆመ የሚለው ይጻፍ። ፊርማውን በየሳምንቱ ውሰዱ፤ ሳይት ኢንጂነር ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሲዛወር አስቀድሞ አይነግራችሁም።