ስቶሩ ሲጸዳ

ስቶሩ ይጽዳ ተባለ። አዲሱ ኃላፊያችን መደርደሪያውን የሞሉትን ትንንሽ ፖስታዎች አይተው፣ "እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?" አሉኝ።

"ኦቶሊት ነው፤ የዓሣ የጆሮ ድንጋይ።"

"የዓሣዎቹ ርዝመት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አይደል?"

"ገብቷል።"

"በቃ፣ ይጣላ!"

ይህቺ "በቃ" እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። አማካይ ርዝመት ከዓመት ዓመት ሲያጥር ምክንያቱ አንድ አይደለም። ትልልቆቹ ተጠምደው አልቀው ይሆናል። በአንድ ጥሩ ዓመት የተፈለፈለው ብዙ ጫጩት መረብ ውስጥ ገብቶም ይሆናል፤ ይሄ እንዲያውም ደስ የሚል ዜና ነው። ወይም ደግሞ ዓሣው በእኩል ዕድሜ ከድሮው እያነሰ መጥቷል። የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ይህን የሚለየው ዕድሜ ነው፤ ዕድሜው ያለው ፖስታው ውስጥ ነው።

ክርክሩን ትቼ ማይክሮስኮፑ ጋ ወሰድኳቸው። ርዝመታቸው እኩል፣ የተያዙበት ዘመን ግን የተራራቀ ሁለት ዓሦች መረጥኩ። ድንጋዮቹን ለሁለት ሰብሬ ስባሪውን እሳት ላይ ለብለብ አደረግኩት። ያኔ የቀዝቃዛው ወራት ቀለበት ይጠቁራል፤ እንደ ዛፍ ግንድ ይቆጠራል።

"እስቲ ይቁጠሩት።"

ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። የድሮው 6፣ የቅርቡ 9። ደግመው ቆጠሩ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ሁለት ድንጋይ ምንም አያረጋግጥም፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሚያስፈልገን" አልኳቸው። ውሃው ሞቆ ይሆናል፣ ምግብ አንሶ ይሆናል። መረባችንም ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ የሚያድገው ቀድሞ ይያዛል፣ ዘገምተኛው ተርፎ ዘር ይተካል። ተመራማሪዎቹ ኮኖቨርና መንች በ2002 ባወጡት የታንክ ሙከራ፣ ትልልቆቹ ዓሦች እየተለቀሙ የተራባው መንጋ ከ4 ትውልድ በኋላ አማካይ ክብደቱ ትንንሾቹ ከተለቀሙበት መንጋ ግማሽ ያህል ሆኖ ነበር።

ኃላፊው ማጽዳቱን አስቆሙ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የታችኛው መደርደሪያ ግን ቀድሞ ከቆሻሻው ጋር ሄዷል፤ እዚያ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። አሁን የዕድሜ መረጃችን የሚጀምረው ከመሃል ነው። አዲስ ባልደረቦቻችን የዛሬውን ዓሣ "ልኩ ይሄው ነው" ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ የሚያወዳድሩበትን አውጥተን ጥለንባቸዋል።